ያ ጥቁር ወፍ የትኛው ቁራ ነው?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ቁራ አይቼ አላውቅም» ቢል ማን ያምነዋል? ቆሻሻ ገንዳው ላይ አለ። የመብራት ምሰሶው ላይ አለ። ድግስ ያለበት ቤት በሬ የወደቀ ቀን ከዘመድ ቀድሞ ይደርሳል። ግን ያንኑ ሰው «ቁራ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ጥቁር ነዋ!» ይላችኋል። በቃ፣ አለቀ።

ጥቁር ወፍ ግን ብዙ ነው። አገራችን ውስጥ በደፈናው «ቁራ» የምንላቸው ወፎች አምስት ስድስት ዓይነት ናቸው። የየራሳቸው መልክ፣ ድምፅና ሰፈር አላቸው። ከነሱ አንዱ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ብዙም የማይርቅ፣ የሌላው ዓለም ወፍ ተመልካች አውሮፕላን ተሳፍሮ ሊያየው የሚመጣ ነው። እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን።

ይህ መመሪያ ስለሱ ነው። የሳይንስ ስሙ ኮርቩስ ክራሲሮስትሪስ ይባላል፤ መንቁረ ወፍራም ቁራ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሰውየው በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮች ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ወፉንም በ1836 ለሳይንስ አስመዘገበው። እኛ ሁሉንም ቁራ ስለምንል፣ ለዚህ ጽሑፍ ብቻ «ትልቁ ቁራ» እለዋለሁ።

1. ከቤት ሳትወጡ መልኩን በቃል ያዙ

ሜዳ ላይ ወጥቶ መጽሐፍ ማገላበጥ ትርፉ ወፉን ማጣት ነው። ቀና ስትሉ ሄዷል። ስለዚህ ሦስት ነገር ብቻ አስቀድማችሁ ያዙ፦ መንቁር፣ ማጅራት፣ ጅራት።

መንቁሩ ይህን ወፍ ከሌላው ሁሉ ይለየዋል። ርዝመቱ 8 እና 9 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከራሱ ከጭንቅላቱ ይረዝማል። ግን ርዝመቱ አይደለም የሚያስገርመው፣ ውፍረቱ ነው። ከጎን ስታዩት የላይኛው መንቁር ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ይነሳና ጫፉ ላይ ወደ ታች ይታጠፋል። ምሳር ፊቱ ላይ የተተከለበት ይመስላል። ጥቁር ነው፣ ጫፉ ላይ ብቻ ነጣ ይላል።

ቀጥሎ ማጅራቱ። ከአናቱ ኋላ እስከ ማጅራቱ ድረስ ነጭ ምልክት አለው። ከፊት ለፊት አይታይም። ከጎን ሲሆን በከፊል ነው። ዞር ሲል ግን ኖራ የፈሰሰበት ይመስል ቦግ ይላል። ሌላው አካሉ ሁሉ ጥቁር ነው። ጉሮሮውና ደረቱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ቅባት የተቀባ ቡናማ የሚመስል ነገር ታያላችሁ፤ ይሄ ግን ቅርብ ካልሆናችሁ አይታይምና ብዙ አትጨነቁበት።

ጅራቱ የሚታወቀው ሲበር ነው። መሐሉ ረጅም፣ ዳርና ዳሩ አጠር ያለ፣ እንደ ሽብልቅ የሾለ ነው። የጅራቱን ነገር ቀጥሎ እመለስበታለሁ፤ የብዙ ሰው ስሕተት እዚያ ላይ ነው።

መጠኑስ? ከመንቁር ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ከ60 እስከ 64 ሳንቲ ሜትር ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ያልፋል፤ ትልቁ ወንድ ኪሎ ተኩል ሊደርስ ይችላል። አንዲት የሀበሻ ዶሮ በሉት። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከዘማሪ ወፎች ወገን መሆኑን አትርሱ። ድንቢጥም የዚያው ወገን ናት። በዚያ ሁሉ ቤተሰብ ውስጥ በትልቅነት የሚፎካከረው በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚኖር ሌላ ግዙፍ የቁራ ዓይነት ብቻ ነው። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ወንዱ ትንሽ ገዘፍ ይላል እንጂ ብቻውን ቆሞ ካያችሁት «ወንድ ነው» ብላችሁ አትጻፉ።

2. «ነጭ አለው» በማለት አትርኩ

አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ሐዋሳ ሆነን ተከራከርን። እኔ «ይሄ ቁራ ነጭ አለው፣ ስለዚህ የኛው ነው» አልኩ። በልበ ሙሉነት ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለካ ነጩ የነበረው ደረቱ ላይ ነው! ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን እያነሳ ይስቅብኛል። መጠየቅ የነበረብኝ «ነጭ አለው ወይ?» ብዬ ሳይሆን «ነጩ የት ነው?» ብዬ ነበር።

ነጩ ደረቱና ሆዱ ላይ ሆኖ አንገቱንም እንደ ኮሌታ ከዞረው፣ ባለ ነጭ ደረቱ ቁራ ነው። ነጭ ሸሚዝ ላይ ጥቁር ኮት የደረበ ሰው አስቡ። ከትልቁ ቁራ በግልጽ ያንሳል፤ 46 እና 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከተማ ይወዳል። ሞቃት አካባቢ ላይ በብዛት ታገኙታላችሁ።

ምንም ነጭ ከሌለውስ? እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ፊቱን ወደናንተ ያዞረ ትልቁ ቁራም ምንም ነጭ የሌለው ይመስላል። ዞር እስኪል ጠብቁ። ዞሮም ጥቁር ከሆነ መንቁሩን እዩ። ቀጭንና ሾጠጥ ያለ ከሆነ የእርሻውና የሣር ሜዳው ቁራ ነው። ደጋ ላይ፣ ከታረሰ ማሳ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲራመድ የምታዩት እሱ ነው። ሲጮህ የጉሮሮው ላባ ንፍት ይላል።

ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ከሆነ ሌላ ጥቁር ወፍ አለ፤ ጅራቱ አጭር የሆነው። ደብረ ሊባኖስ ሄዳችሁ ቁልቁል ሸለቆውን ስታዩ ነፋስ ላይ ተንሳፍፎ የሚጫወተው እሱ ነው። ላሊበላም አለ። ሲበር ጅራት የሌለው ይመስላል። ክንፉ ሥሩ ላይ ሰፊ ስለሆነ የሌሊት ወፍ መስሎ የሚታያቸው ሰዎችም አሉ። ሲያርፍ ደግሞ የክንፉ ጫፍ ከጅራቱ አልፎ ይሄዳል። ሽብልቅ ጅራትን ልብ በሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ሩቅ ላይ የሚበር ጥቁር ወፍ ስታዩ ነጩም መንቁሩም ሊጠፋችሁ ይችላል። ጅራቱ ግን ሰማይ ላይ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታያል። ሽብልቅ ከሆነና ከፊት ደግሞ ወፍራም ነገር ከተገተረ፣ ትልቁ ቁራ ነው። ጅራት ከሌለው አይደለም።

ሰሜን ተራሮችና ባሌ ላይ ደግሞ እግሩም መንቁሩም ቀይ የሆነ ጥቁር ወፍ አለ። እሱ የቁራ የአጎት ልጅ ነው። ቀዩን ካያችሁ ሌላ ምልክት አያስፈልጋችሁም።

እርኩምን ከቁራ የሚያምታታ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር፤ አለ። እርኩም ትልቅ መንቁር አለው፣ ጥቁርም ነው፤ ግን ቁመቱ ሕፃን ልጅ ያህላል፣ ፊቱ ላይ ላባ የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም በእግሩ ነው የሚሄደው።

በዚህ አጋጣሚ ውጭ ያላችሁ ሰዎች በየጊዜው «እዚህም ቁራ አለ፣ ያው ነው?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ዱባይና ጅዳ የምታዩት አንገቱ ግራጫ የሆነው ከደቡብ እስያ የመጣው የቤት ቁራ ነው፤ በመርከብ እየተጫነ ብዙ ወደብ ያዳረሰ ነው፤ ጅቡቲም አለ። እስራኤል ከተማ ውስጥ ያለው፣ ራሱና ክንፉ ጥቁር፣ ገላው ግራጫ የሆነው ሌላ ነው። ሙት ባሕር አካባቢ ከወረዳችሁ ግን ጅራተ አጭሩን የደብረ ሊባኖስ ቁራ ታገኛላችሁ። ያው ራሱ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ጥቁር የሆኑ፣ በመልክ የማይለዩ፣ በድምፅ ብቻ የሚለዩ ሁለት ዓይነት ቁራዎች አሏችሁ፤ እግዚአብሔር ይርዳችሁ።

3. ቦታና ሰዓት

ትልቁ ቁራ የደጋ ወፍ ነው። በአብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,400 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይኖራል። ስለዚህ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ጎባ ያላችሁ ሰዎች ትራንስፖርት እንኳ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በረንዳ ላይ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከተማ ውስጥ ግን ግርግሩ፣ ጣሪያውና ሽቦው ያስቸግራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ለማየት እንጦጦን እመርጣለሁ። ባሕር ዛፉ መሐል ሳይሆን፣ ከብት የሚግጥበት ገላጣ ሜዳ ላይ። ለምን ከብት እንደፈለግኩ ኋላ ትረዳላችሁ። መናገሻ ሱባም ጥሩ ነው። ሰሜን ተራሮች የመሄድ ዕድል ካላችሁ ደግሞ ሳንቃበርና ጭነቅ የድንኳን ሰፈሮቹ ላይ እሱ ራሱ ይፈልጋችኋል፤ እናንተ አትፈልጉትም።

ቄራ አካባቢስ? ስሙ ተቀራራቢ ስለሆነ አይደለም የምጠቅሰው። ሥጋ ባለበት ሁሉ ጥንብ አንሳውም፣ ጭልፊቱም፣ አባ ኮዳውም ስለሚሰበሰብ ወፍ አይጠፋም። ለጀማሪ ግን አልመክርም። አንደኛ ሽታው። ሁለተኛ ሰማይ ላይ ያለው ጥቁር ነገር በሙሉ አንድ ላይ ይሽከረከርና ዓይናችሁ የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12፡30 እስከ 3፡30 ነው። ቁራ ቀኑን ሙሉ ይታያል፤ ግን ጠዋት ምግብ ፍለጋ ላይ ስለሆነ መሬት ይወርዳል። መሬት ላይ ያለ ወፍ ነው ለመማር የሚመቸው። ብርሃኑም ገና ጎን ለጎን ስለሆነ ነጩ ማጅራት አያብረቀርቅባችሁም። እኩለ ቀን ላይ ጥቁር ወፍ ከሰማይ በታች ስታዩ የምታገኙት ጥላ ብቻ ነው። በወር ካላችሁኝ፣ ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲጠፋ፣ ጥቅምትና ኅዳር።

ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ይህችን አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ሰው ውድ ዕቃ ይዞ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ከቆመ ሰው የተሻለ ያያል።

4. ዕቃ

ቁራ ትልቅ ወፍ ስለሆነ በባዶ ዓይን መጀመር ይቻላል። ባይኖኩላር ካላችሁ ግን ሌላ ዓለም ነው። ላዩ ላይ 8×42 የሚል ካያችሁ ይበቃል። 8 ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። «20 ጊዜ ያቀርባል» እያሉ የሚሸጡትን ትናንሾቹን አትግዙ። እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ሃያ ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

አጠቃቀሙ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ነው። ወፉን ያያል፣ ወደ ባይኖኩላሩ ያጎነብሳል፣ ቀና ሲል ወፉን ያጣዋል። እንዲህ አድርጉ፦ ዓይናችሁን ከወፉ ላይ ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። አንገታችሁ አይንቀሳቀስ። ቤታችሁ ሆናችሁ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ባለ ዲሽ ተለማመዱ። ጎረቤቱን አስቀድማችሁ ንገሩት ታዲያ።

ከዲሹ የባሰ ደግሞ አጥር ነው። ወታደራዊ ግቢ፣ ኤምባሲ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ድልድይ ባለበት ባይኖኩላር አታንሱ። ቁራው እዚያ አጥር ላይ ቢያርፍም ተዉት፤ ሌላ አጥር ላይ ያርፋል። እኔ አንድ ጠዋት ሳላስተውል አንድ ትልቅ ግቢ አጠገብ ቆሜ ሳይ ጥበቃው መጣ።

«ወንድም፣ ምንድን ነው የሚያዩት?»

«ቁራ።»

«ቁራ?»

«አዎ፣ ያ ምሰሶ ላይ ያለው።»

ቁራውን አየ። እኔን አየ። ባይኖኩላሩን ተቀበለኝ። ልቤ ድው ድው እያለ ቆምኩ። አንድ ደቂቃ ያህል አነጣጥሮ ቆየና፣ ድምፁ ተለውጦ «ኧረ ማጅራቱ ላይ ነጭ አለው እንዴ?» አለኝ። ስንት ዓመት እዚያ በር ላይ የቆመ ሰው ነው። ባይኖኩላሩን መለሰልኝና «ግን ከዚህ ዞር ይበሉ» አለ። ዞር አልኩ። ሁልጊዜ በዚህ አያበቃምና እናንተ መጀመሪያውኑ ዞር በሉ።

ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ የጠዋት ውርጭ ላይ አይጽፍም። የደበዘዘ ቀለም ልብስ ልበሱ። በቃ።

5. አቀራረብ

ቁራ ሰው ያውቃል። ይህን በምሳሌ ለመናገር ያህል አይደለም። አሜሪካ ሲያትል ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጭምብል አድርገው ቁራዎች ያዙና ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ያንን ጭምብል ያጠለቀ ሰው ባለፈ ቁጥር ቁራዎቹ እየተሰበሰቡ ይጮኹበት ነበር። ያ ሌላ ዓይነት ቁራ ነው፤ የኛው ግን ከዚያ የሞኘ ነው ብዬ አልወራረድም። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ስትሉ ገና እጃችሁ መሬት ሳይነካ እንደሚነሳ አይታችኋል። ስለዚህ እሱን ስታዩ አታጎንብሱ። የጫማ ክር ቢፈታም ይቆይ።

በቀጥታ ወደሱ አትሂዱ። ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው መስላችሁ፣ አግድም እያላችሁ ተጠጉ። ጥቂት እርምጃ፣ ቆም፤ ጥቂት እርምጃ፣ ቆም። መብላቱን ትቶ ቀና ካለና ካፈጠጠ ድንበሩ እዚያ ነው። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉና ተቀመጡ። ሰው ሲቀመጥ ቁራ ይረጋጋል። ከመቶ ሜትር ቆሞ ከማየት ከሠላሳ ሜትር ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል።

ምግብ አትወርውሩለት። ይመጣል፣ አዎ። ግን ያኔ የምታዩት ለማኝ ቁራ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ጀርባዬን አዙሬ ሻይ ስቀዳ ግማሽ ድፎ ዳቦ ከነፌስታሉ ይዞብኝ ሄዷል። ዳቦውስ ይሁን፤ ፌስታሉ ነው የሚያስፈራኝ።

6. ምን እንደሚሠራ እዩ

እስካሁን ያለው ሁሉ ዝግጅት ነበር። ለይታችሁ «ትልቁ ቁራ ነው» ካላችሁ በኋላ ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። አትሂዱ። ሰላሳ ደቂቃ ስጡት።

ከብት ያለበት ሜዳ ምረጡ ያልኳችሁ ለእበቱ ነው። ቁራው በእግሩ እየተራመደ ይመጣል። አረማመዱ ኩራት አለው፤ ሰውነቱን ግራ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ሲቸኩል ይዘላል። አንድ ቀን ሁለት ቀን ያደረ፣ ላዩ የደረቀ እበት ጋ ይደርሳል። ቆም ይላል። አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ባንድ ዓይኑ ያየዋል። ከዚያ ያንን ምሳር የመሰለ መንቁር ሥሩ ያስገባና ወደ ጎን ይመነጭራል። አሁንም ወደ ሌላው ጎን። አውድማ ላይ መንሽ ይዞ ጭድ የሚበትን ሰው አይታችሁ ከሆነ፣ ያው እንቅስቃሴ ነው። አይቆፍርም፣ አይወጋም፤ ያጭዳል ልበል? እበቱ እየተቆራረሰ ግራና ቀኝ ይበተናል። መሐሉ ላይ ነጫጭ የጢንዚዛ እጮች አሉ። በመንቁሩ ጫፍ አንዷን ለቀም፣ አናቱን ወደ ኋላ፣ ዋጥ። እንዲያ ያለ ወፍራም መሣሪያ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ሳይጨፈልቅ ያነሳል።

ይህን እስከማይበት ቀን ድረስ መንቁሩ ለአጥንት መስበሪያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስንት እበት እንዳገላበጠ ቁጠሩ። ስንቱ ላይ ምግብ እንዳገኘ ጻፉ። የፈረስ ፋንድያን ከከብት እበት ይመርጣል ወይስ አይመርጥም? የደረቀውን ወይስ እርጥቡን? አንድ ሜዳ ላይ ተመላልሶ በመቁጠር ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ዲግሪ አይጠይቅም።

እበት ብቻ አይደለም የሚበላው። የሞተ እንስሳ፣ የወጥ ቤት ትራፊ፣ ያልታጨደ ስንዴ ጭምር ይበላል። ጥንብ ላይ ካገኛችሁት እድለኞች ናችሁ፤ ወዲያው አይሄድም። «የቁራ መልክተኛ» የምንለው ለምን ሆነና? ኖኅ ከመርከቡ የላከው ቁራ ጥንብ አግኝቶ እዚያው ቀረ ይባላል። ተልኮ የቀረን ሰው በሱ እንሰድባለን። ለወፍ ተመልካች ግን ከቀጠሮ የሚቀር ወፍ ነው የሚፈለገው። ጥንብ አንሳና ውሻ እዚያው ካሉ ደግሞ ቁራው መቼ እንደሚጠጋ፣ መቼ እንደሚያፈገፍግ፣ የማንን ጅራት እንደሚጎትት ተመልከቱ።

ሁለተኛውን ፈልጉ። ትልቁ ቁራ በአብዛኛው ጥንድ ሆኖ ወይም በትንሽ ቡድን ይንቀሳቀሳል። አንዱን ካያችሁ በአቅራቢያው ያለ ዛፍ ወይም ምሰሶ ላይ ዓይናችሁን አንከራትቱ። አንዱ ሲበላ ሌላው ምን ይሠራል? አብረው ነው የሚነሱት ወይስ አንዱ ቀድሞ?

ድምፁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ጊዜ ስሙ። «ቋ! ቋ!» ብሎ የሚጮኸው ባለ ነጭ ደረቱ ነው። የገደሉ ጅራተ አጭር ድምፁ ቀጠን ይላል። ትልቁ ቁራ ግን ዝቅ ያለ፣ የሻከረ፣ አንዳንዴም አየር የሚያፈስ ድምፅ ነው ያለው። ማለዳ ደጅ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ አባወራ ይመስላል። አንዴ ከለያችሁት አልጋ ላይ ሆናችሁም ታውቁታላችሁ። ራሳችሁ ላይ ዝቅ ብሎ ካለፈ ደግሞ የክንፉን ሹው ሹው ታዳምጣላችሁ።

ጎጆውን በተመለከተ አጭር ነው የምናገረው። በዛፍ ወይም በገደል ላይ ጭራሮ ሰብስቦ ይሠራል። ጭራሮ በመንቁሩ ይዞ የሚበር ካያችሁ አቅጣጫውን ጻፉ፣ ግን ተከትላችሁ ሥሩ አትቁሙ። ጥንዶቹ እያንዣበቡ የሚጮኹባችሁ ከሆነ ቀርባችኋል ማለት ነውና ውጡ።

7. ጻፉት፣ እዚያው

ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ያለ ሰው አይጽፍም። ቢጽፍም ያየውን ሳይሆን ያነበበውን ይጽፋል። ስም ከመጻፋችሁ በፊት ያያችሁትን ጻፉ። «ትልቁ ቁራ» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ከዓመት በኋላ ትክክል መሆናችሁን የምታረጋግጡበት ነገር አይኖርም፤ እኔ በሐዋሳው ላይ እንደሆንኩት። «ነጭ፦ ማጅራት ላይ ብቻ፤ መንቁር፦ ከጭንቅላት የሚበልጥ» ካላችሁ ግን ማስረጃው አለ።

ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አየሩ፣ ስንት ወፍ፣ ምን ሲሠራ። ፎቶ ካነሳችሁ አንዱን ከጎን፣ አንዱን ከኋላ አንሱ፤ ከፊት ያለው ለመለየት አይረዳም። ስልክ ብቻ ካላችሁ የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ አንድ ዓይን ላይ ለጥፋችሁ ሞክሩ። ከአሥር አንዱ ይወጣል።

ኢበርድ የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ነፃ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ክፍል በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ያያችሁትን ብታስገቡበት ከዓለም መዝገብ ጋር ይደመራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከመዝገቡ ብዙው ግን ለሁለት ሳምንት መጥቶ የሚሄድ እንግዳ የጻፈው ነው። እሱ ሐምሌ ላይ የእናንተ ሰፈር ቁራ ምን እንደሚበላ አያይም። እናንተ ታያላችሁ።

ለናሙና ያህል ከራሴ ደብተር ያለ ማስተካከል፦

«ኅዳር 14፣ ጠዋት 1፡20፣ እንጦጦ፣ ከብት ሜዳው ዳር። ብርድ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። 2 ቁራ። ነጭ ማጅራት ሁለቱም ላይ ታየ። አንዱ መሬት፣ አንዱ የደረቀ ባሕር ዛፍ ላይ። የመሬቱ 11 እበት አገላበጠ፣ 4ቱ ላይ ዋጠ። 1፡38 እረኛ ልጅ መጣ፣ ሁለቱም ተነሡ፣ መሬት የነበረው ቀድሞ። 1፡45 አንዱ ተመለሰ፣ አጥንት ይዞ። ሣር ሥር አስገባው፣ በደረቅ ቅጠል ሸፈነው፣ ዙሪያውን አየ፣ እንደገና አወጣው፣ ሌላ ቦታ ቀበረው። እኔን አይቶ ይሆን?»